መቶዎቹና አሥራ ስምንቱ

እናቴ ከባድ ጉዳይ ሲኖራት በስልክ አታወራም፤ ምሳ ትጠራኛለች። ባለፈው ግንቦት አንድ እሁድ ሲኤምሲ ወዳለው ቤታችን ስገባ ዶሮ ወጥ ተሠርቶ ጠበቀኝ። በዓል የለም፣ እንግዳ የለም፣ የማንም ልደት አይደለም። ገና እጄን ሳልታጠብ ነገር እንዳለ ገባኝ።

ነገሩ ሚጣ ነበረች። ሚጣ ታናሽ እህቴ ናት። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት አካውንቲንግ ትማራለች። ላለፉት ሁለት ዓመታት ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ኮንቴምፖራሪ ዳንስ ስትማር ቆይታለች። ይህን ሁለተኛውን ትምህርት ቤታችን ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። ጎረቤት «ሚጣ የታለች?» ካለ መልሱ «ስፖርት ሄዳለች» ነው። ስፖርት ማለት ጤና ነው፤ ጤና ደግሞ አያሳፍርም። አሁን ግን የምትማርበት ቦታ የዓመቱን የተማሪዎች ትርዒት ሊያሳይ ነው። ከትርዒቱ በኋላ ጥቂት ልጆች መርጦ ለሦስት ዓመት፣ ሙሉ ቀን፣ እንደ ባለሙያ ሊያሠለጥናቸው አስቧል። ሚጣ ከተመረጠች ዩኒቨርሲቲውን ልታቆም ነው።

«አንተ ንገራት» አለችኝ እማዬ፣ ሁለተኛ እንቁላል ወደ እኔ በኩል እየገፋች። «አንተን ትሰማለች። ኢንጂነር ነህ።»

ዲግሪዬ የኢንጂነሪንግ ነው፤ ሥራዬ ግን ሶፍትዌር መጻፍ ነው። ቀኑን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ ተጎልቼ የምሠራውን ነገር እማዬ አንድም ቀን በእጇ ነክታው አታውቅም። ሆኖም ደሞዝ ያመጣል፤ ስለዚህ ሥራ ነው። የሰፈራችን ስም ራሱ ከእሷ ጋር የሚያብር ይመስለኛል። ሲኤምሲ የሚለው ስም የመጣው እዚህ ቤቶችን ከሠራው የጣሊያን ድርጅት ነው፤ ፊደሎቹ ሲፈቱ የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች የኅብረት ሥራ ማኅበር እንደማለት ነው። በግንበኞች ስም በሚጠራ ሰፈር ያደገ ልጅ «ምን ሠራህ?» ሲባል በጣቱ የሚያሳየው ነገር ይጠበቅበታል። ዳንስ ደግሞ ሲያልቅ የሚታይ ነገር አይተውም። መብራቱ ይበራል፣ ወለሉ ይጠረጋል፣ ሰው ታክሲ ፍለጋ ይበተናል።

«እነግራታለሁ» አልኳት። ምን እንደምነግራት ግን አላወቅኩም። ያላወቅኩበት ምክንያት ስልኬ ውስጥ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ማታ ማታ አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ ኮድ አስተምር ነበር። የስድስት ወር ኮርስ ነው። ማስታወቂያው በስድስት ወር ዴቨሎፐር እንደሚያደርግ ይናገራል። ማስታወቂያውን እኔ አልጻፍኩትም፤ ግን ከሥሩ ቆሜ አስተምሬያለሁ። ከተማሪዎቼ አንዱ ቀን ቀን ካፌ ውስጥ አስተናጋጅ የነበረ ልጅ ነው። ጎበዝ ነበር፤ ይህን ዛሬም አልክድም። አንድ ማታ የሠራውን ትንሽ ፕሮግራም አሳየኝና «ቲቸር፣ እንዴት ነው?» አለኝ። «አንተማ ሥራ አታጣም!» አልኩት።

ከሁለት ወር በኋላ በደንብ ለማጥናት ብሎ የካፌውን ሥራ ለቀቀ። ኮርሱ አለቀ፤ ሰርተፊኬት ወሰደ፤ ፎቶ ተነሣን። ሥራ ግን አላገኘም። ባመለከተበት ሁሉ ወይ ልምድ ይጠይቁታል፣ ወይ ዲግሪ። ባለፈው መጋቢት በቴሌግራም ጻፈልኝ፦ «ቲቸር ደህና ነህ? ሥራ አታጣም ብለኸኝ ነበር።» ስድብ የለው፣ ወቀሳ የለው። ማንበቤን አይቷል። እኔ ግን ሳልመልስለት ሁለት ወር አለፈ።

እንግዲህ ሚጣን «ሂጂ» ብላት ለዚያ ልጅ ያልኩትን መድገሜ ሆነ። «ቅሪ» ብላት ደግሞ የእኔን ጥፋት ዕዳ እሷ ልትከፍልልኝ ነው።

ትርዒቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ መገናኛ አካባቢ በኪራይ በተያዘ አዳራሽ። ከሲኤምሲ በባቡር ሄድን፤ እማዬ፣ አባዬና እኔ። አዳራሹ በፕላስቲክ ወንበርና በወላጅ ተሞልቷል። መድረኩ ላይ አርባ የሚሆኑ ተማሪዎች አሉ፤ ትንሹ አሥር ዓመት የሚሞላው አይመስለኝም። ሙዚቃ የለም። ቆመው ይተነፍሳሉ፤ ትንፋሻቸው አንድ ላይ ሲገባና ሲወጣ ይሰማል። ከኋላችን አንዲት እናት «ጀመሩ እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

ከዚያ መውደቅ ጀመሩ። ሚጣ ከዚህ በፊት አስረድታኝ ነበር፤ እነሱ መጀመሪያ የሚማሩት መውደቅ ነው። ቁርጭምጭሚት ይላላል፣ ጉልበት ይታጠፋል፣ ዳሌ ዝቅ ይላል፣ ትንፋሽ ይወጣል። አጥንት ላይ አይወደቅም፤ ሥጋ ባለበት በኩል ተንከባሎ ወለሉን መቀበል ነው። ከወለሉ የሚነሡትም በዚያው ጉልበት ነው፤ የወደቁበት ኃይል መልሶ ያነሣቸዋል። መድረክ ላይ ሳየው አርባ ሰው እንደ ጨርቅ እየወደቀ፣ ድምፅ ሳያሰማ ይነሣል። አባዬ ሰዓቱን ማየት አቆመ።

ቀጥሎ ልጆቹ በአንድ መስመር ቆሙና ከጫፍ የቆመችው ልጅ ትከሻዋን አንድ ጊዜ ብቻ፣ በጣም በዝግታ ሰበቀች። ያቺ እንቅስቃሴ ወደ ጎረቤቷ ትከሻ ተሻገረች፤ ከእሱ ወደሚቀጥለው። እስክስታ ነው፤ ግን ሩጫው ተወስዶበት እያንዳንዱ አጥንት እንዲታይ የተደረገ። እማዬ ከወንበሯ ቀና አለች። «ይቺ የእኛ ናት» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

መሃል ላይ ያ ትንሹ ልጅ ተሳሳተ። ሁሉም ወደ ቀኝ ሲዞሩ እሱ ወደ ግራ ዞሮ ከአንዷ ጋር ፊት ለፊት ተጋጠመና ሳቀ። አዳራሹ አጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብኩ፤ ወዲያው ግን አንድ ነገር ታሰበኝ። ይህ ልጅ የዛሬ አሥር ዓመት ትኬት የተሸጠበት መድረክ ላይ እንዲሁ ቢሳሳት የሚያጨበጭብለት የለም። የተማሪ ትርዒት ስህተትን ይምራል፤ ልጁ እዚያ መቆሙ ብቻ ይበቃናል። ሙያ ግን አይምርም። አንድ ወለል ላይ፣ በአንድ ልብስ፣ ሁለት የተለያዩ ሕጎች አሉ። ልጆቹ በየትኛው ሕግ ሥር እንደቆሙ ማን ነግሯቸዋል?

ሰኞ ዕለት ዝርዝሩ ወጣ። ሰባት ስሞች። ሚጣ አለችበት። አብራት የጀመረችው ጓደኛዋ ግን የለችም። ማታ ቤታችን በር ላይ ሁለቱም ያለቅሱ ነበር፤ አንዷ አፍራ፣ አንዷ ከፍቷት። ሳልፍ የሰማሁት የጓደኛዋን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ታዲያ ለምን ጎበዝ ነሽ አሉኝ?»

ስልኬ ውስጥ ያለው መልእክት ድምፅ አውጥቶ የተናገረ መሰለኝ።

በዚያ ሳምንት ሚጣ ስለ አዱኛ ነገረችኝ። እዚህ ከተማ ኮንቴምፖራሪ ዳንስ የሚማር ልጅ ይህን ታሪክ ሳይሰማ የሚቀር አይመስለኝም። በ1996 እ.ኤ.አ. ሮይስተን ማልዱም የሚባል እንግሊዛዊ ኮሪዮግራፈርና ባልደረባው ማግስ በርን አዲስ አበባ ውስጥ 100 ከሚሆኑ የጎዳና ልጆች ጋር «ካርሚና ቡራና»ን መድረክ ላይ አወጡ። ሙዚቃው ጀርመናዊው ካርል ኦርፍ የደረሰው፣ በ1937 ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበ፣ በብዙ ዘማሪና በትልቅ ኦርኬስትራ የሚሠራ ግዙፍ ድርሰት ነው። ሰው መስኮት ዘግቶ የሚያልፋቸው ልጆች በዚያ ሙዚቃ ጨፈሩ። ከዚያ በኋላ 18 ልጆች ተመርጠው ለ5 ዓመት ሠለጠኑ። ቡድኑ አዱኛ ተባለ። ስሙን ልብ በሉ፤ አዱኛ ማለት ሀብት፣ የዚህ ዓለም ድሎት ነው፤ ልጆቹ ያልነበራቸው ነገር።

ሥልጠናው መድረክ ላይ መታየትን ብቻ የሚያስተምር አልነበረም፤ ሌላውን ማስተማርንም ያካትት ነበር። አካል ጉዳተኞችና ሌሎች ዳንሰኞች አብረው የሚሠሩበትን ካንዱኮ የተባለውን ቡድን በ1991 ከመሠረቱት አንዱ የሆነው አዳም ቤንጃሚን ከአዱኛ ጋር ሠርቷል፤ አዲስ አበባም አካል ጉዳተኛ ዳንሰኞች የሚሠለጥኑበት በር ተከፍቷል። ከአዱኛ ልጆች አንዱ ጁናይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 በሮሌክስ የአማካሪና ተማሪ ፕሮግራም በጃፓናዊው ኮሪዮግራፈር ሳቡሮ ተሺጋዋራ ተመረጠ። በ2009 ደግሞ ጁናይድና የአዱኛ ጓደኛው አዲሱ ደምሴ ለንደን፣ ሳድለርስ ዌልስ ቲያትር፣ «ዴስቲኖ» በተባለው ዝግጅት ላይ ጨፈሩ። በዚያው ስም አዲስ አበባ ላይ የዳንስ ቡድን መሥርተው እነሱም በተራቸው ሌሎችን አሠልጥነዋል።

ታሪኩ እንዲህ ሲነገር ያምራል። ሚጣም ስትነግረኝ ዓይኗ ያበራ ነበር። እኔ ግን በሙያ ልማዴ ቁጥሩ ላይ ቆምኩ። 100 ሲቀነስ 18 ስንት ነው? መብራቱ የሚያርፈው 18ቱ ላይ ነው። ልቤ ግን የቀረው ከሌሎቹ ጋር ነው፤ ካጨበጨቡላቸው በኋላ ካልተመረጡት ጋር። ለአንድ ልጅ «ትችላለህ» ብሎ በሩን አሳይቶ፣ ከዚያ «ያንተ ስም የለም» ማለት ደግነት ነው ወይስ ጭካኔ?

እማዬ ብትጠየቅ መልሷ አጭር ነው፤ እንጀራ የማይሆን ነገር ለልጅ አይታይም። ብዙ ዘመናዊ ወጣት ደግሞ ተቃራኒውን ይላል፤ ተስፋ መስጠት ምን ጥፋት አለው? እኔ ሁለቱም አይዋጡልኝም። ተስፋ ዝም ብሎ ልብ ውስጥ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ሰው ተስፋ ይዞ ውሳኔ ይወስናል፤ የካፌ ሥራ ይለቃል፣ ዩኒቨርሲቲ ያቆማል። «ጎበዝ ነህ» ያለው ሰው ውሳኔው ውስጥ ድርሻ አለው፤ ቢወድም ባይወድም።

የእማዬ መልስ ደግሞ በራሷ ሕይወት ይፈርሳል። እማዬ ጎጃም ተወልዳ ያደገች ናት። በዘመድ ሠርግ ላይ እስክስታ ስትወርድ ሰው ክብ ሠርቶ ነው የሚያያት። ስድሳ ሊሞላት ነው፤ ትከሻዋ ግን ዕድሜዋን አያውቅም። በዚህ ትከሻ አንድ ብር አላገኘችበትም። ያንን የሰጣት ሰው፣ ምናልባት እናቷ፣ ምናልባት የሰፈር ልጆች፣ አታለሏት? አላታለሏትም። ማንም «በዚህ ትኖሪያለሽ» አላላትም። ሰጧት፤ ወሰደች፤ የእሷ ሆነ። እሷ ራሷ ግን ሚጣን «ዳንሰኛ ሆነች ቢባል ሰው ምን ይላል?» ትላለች። በዚህ ብቻዋን አይደለችም። እኛ አዝማሪውን ግንባሩ ላይ ብር እየለጠፍን አድረን፣ በማግስቱ ስሙን ለስድብ የምንጠቀም ሰዎች ነን። ዳንሱን እንፈልገዋለን፤ ዳንሰኛው የእኛ ልጅ ሲሆን ነው የሚከብደን።

ስለዚህ እንዲህ አሰብኩ። የተማሪ ትርዒት ስጦታ ነው። የሙያ ሥልጠና ቃል ኪዳን ነው። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ ጥፋቱ የሚመጣው ሲደባለቁ ነው።

ስጦታ ለሁሉም ይበቃል፤ 100 ልጅ አብሮ ሊቀበለው ይችላል። ያው ማልዱም በ2003 በርሊን ውስጥ 250 ከሚሆኑ ልጆችና ወጣቶች ጋር፣ በሳይመን ራትል ከሚመራው የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር የስትራቪንስኪን «የፀደይ ሥርዓት» ሠርቷል፤ በ2004 የወጣ ዶክመንተሪ ፊልምም አለው። ልጆቹ ለሳምንታት ይሰለቻሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ይገሠጻሉ፤ በመጨረሻ ይቆማሉ። ዓላማው 250 ዳንሰኛ ማውጣት አልነበረም። አንድ ትልቅ ነገር በሙሉ ልብ ሠርቶ መጨረስ ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ በሰውነታቸው እንዲያውቁ ነው። ይህ ስጦታ ሙሉ ነው። በሩ ከኋላው የሚያስገባው ሌላ ክፍል ባይኖረውም ሙሉ ነው።

ቃል ኪዳን ግን ሌላ ነው። ጥቂቶችን ይመርጣል፤ ከተመረጡትም ብዙ ይወስዳል። ዓመታቸውን፣ ጉልበታቸውን፣ ሌላ ሊሆኑት ይችሉ የነበረውን ሰው ሁሉ ይወስዳል። ስለዚህ ዕዳ አለበት። አዱኛን ከብዙ የበጎ አድራጎት ወሬ የሚለየው ለእኔ ለንደን መድረሱ አይደለም፤ 5 ዓመቱ ነው። የጎዳና ልጅን አንድ ቀን አጨብጭቦ መሸኘት ቀላል ነው። 5 ዓመት ሙሉ እየመጡ «እንደገና፣ ገና ነው፣ እንደገና» ማለት ግን ልጁን ከእዝነት አውጥቶ በባለሙያ ዓይን ማየት ነው።

እዚህ ላይ የምትሉኝ ይገባኛል። የነገን ማን ያውቃል? በ1996 ማንም ቢሆን ከ18ቱ አንዱ የት እንደሚደርስ ሊያውቅ አይችልም ነበር። ትክክል ነው። ግን ቃል ኪዳኑ ስለ ውጤቱ አይደለም። ሥራ እንደሚገኝ ማንም ቃል ሊገባ አይችልም፤ የገባ ሰው ይዋሻል፤ እኔ እንደዋሸሁት። ቃል ሊገባበት የሚቻለው በአሠልጣኙ እጅ ያለው ነገር ነው፦ ቁጥሩን ሳይደብቅ መናገር፣ የጀመሩትን ሳይጨርሱ ሰርተፊኬት አለማደል፣ ተማሪው ሲጎዳ ወይም ሲደክም እንደማያውቁት አለመሆን። ጓደኛዋን የጎዳት አለመመረጧ ብቻ አይመስለኝም። ሁለት ዓመት ስጦታ ሲሰጧት ቃል ኪዳን መስሏት ነበር፤ ማንም አላረማትም። የእኔ ተማሪ ደግሞ ቃል ኪዳን ነው ተብሎ የገባበት ነገር የስድስት ወር ስጦታ ሆኖ ተገኘ፤ ያውም የከፈለበት ስጦታ።

ዕጣ አንድ ምሳሌ ይሆናል። በእኛ በኩል፣ አያትና ሰሚት፣ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲጠባበቅ ያረጀ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነው። ዕጣ ያልወጣለት ሰው ባዶ እጁን ነው የሚቀረው። በደንብ የተሰጠ የዳንስ ትምህርት ግን እንደዚያ አይደለም። ያልተመረጠችውም መውደቅ ታውቃለች፤ መነሣትም። ትምህርት ቤቱ ግን ትርዒቱን እንደ ዕጣ አድርጎ ካቀረበው፣ ያንን ያላትን ነገር ራሱ ይወስድባታል። ያገኘችውን ሳይሆን ያጣችውን እንድትቆጥር ያደርጋታል።

ማታ ከሚጣ ጋር ከሲኤምሲ ወደ ፊጋ በእግር ወጣን። እማዬ የላከችኝን አልነገርኳትም፤ ታውቃለች። ሦስት ነገር እንድትጠይቅ ብቻ ነገርኳት። ባለፈው ዙር የሠለጠኑት ስንት ናቸው፣ ዛሬ የት ናቸው? ጉልበትሽ ቢጎዳ በሁለተኛው ዓመት ምን ያደርጉልሻል? ማስተማርም ትማራላችሁ ወይስ መድረክ ብቻ? መልሱን በግልጽ ከነገሩሽ፣ መልሱ መጥፎ እንኳን ቢሆን፣ ቃላቸውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ከሳቁብሽ ግን ተመለሺ። ዩኒቨርሲቲውንም በዝምታ አትተዪው፤ ዊዝድሮዋል ሙዪ፤ በሩ ገርበብ ብሎ ይቆይ።

«አንተስ?» አለችኝ።

«እኔ ምን?»

«ያንን ልጅ መለስክለት?»

ስለ እሱ ነግሬያት ነበር፤ መቼ እንደነገርኳት ራሴ ረስቼዋለሁ። ዝም ብዬ ሄድኩ። ባቡሩ ወደ አያት አለፈ፤ ውስጡ ሰው ተጠቅጥቆ፣ መስኮቱ ሁሉ በርቶ።

ሚጣ በማግስቱ ሄዳ ጠየቀች። ሁለቱን በደንብ መለሱላት። ሦስተኛውን፣ የጉልበቱን፣ «አላሰብንበትም፤ እናስብበታለን» አሏት። ይህም መልስ ነው። ገባች። እማዬ እስካሁን ለጎረቤት «ስፖርት» ነው የምትለው፤ ግን ባለፈው ሳምንት ኩሽና ውስጥ ሚጣን «ያቺን በዝግታ የምታደርጓትን ትከሻ እስኪ አሳዪኝ» ስትላት ሰማሁ።

እኔም ያን ምሽት ቤት ገብቼ ቴሌግራም ከፈትኩ። መጀመሪያ ረጅም ጻፍኩ፤ ስለ ገበያው፣ ስለ ኮርሱ፣ ስለ ሁኔታው። አጠፋሁት። ከዚያ እንዲህ ላክሁ፦ «ሥራ አታጣም ያልኩህ ያላወቅኩትን ነው። ይቅርታ። ጎበዝ ነህ ያልኩህ ግን እውነት ነው። የጎደለህን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ያልጨረስኩልህ እኔ ነኝና። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ነፃ ነኝ። ሥራ ቃል አልገባልህም፤ እስክንጨርስ ግን እመጣለሁ።»

ረቡዕ ጠዋት መለሰ። «ማክሰኞ አልችልም ቲቸር፣ ፈረቃ አለኝ። ሐሙስ ስንት ሰዓት?»